የሞተር ዘይት፦ በየ5,000 ወይስ በየ10,000 ኪሎ ሜትር?

በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ የሚቀይር ሰው ለዘይትና ለፊልትሮ ሁለት ጊዜ ይከፍላል፤ ሆኖም ርካሹን ተራ ዘይት መጠቀም ስለሚችል የወጪው ልዩነት እንደሚፈራው አይሰፋም።

በየ10,000 መቀየር ጋራዥ መመላለስን ይቀንሳል፤ ነገር ግን ሙሉ ሲንተቲክ (በፋብሪካ የተቀናበረ) ዘይት ይጠይቃል፣ የአምራቹም መመሪያ ሊፈቅደው ይገባል። በመካከሉ የዘይቱን ልክ በመለኪያው ዘንግ ማየት የዘነጋ ሰው ሞተሩን ለአደጋ ያጋልጣል።

በድሬዳዋ ሙቀትና አቧራ ከከዚራ ሰፈር ሳቢያን ሰፈር የሚመላለስ፣ ወይም ጭነት ይዞ የደንገጎን ዳገት በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ እያቃሰተ ወደ ሐረር የሚወጣ መኪና፣ የተጓዘው ኪሎ ሜትር ጥቂት ቢመስልም ሞተሩ ብዙ ስለሚሠራ አጭሩ ልክ ይሻለዋል ባይ ነኝ። ሜዳማ አስፋልት ላይ ረጅም መንገድ ለሚጓዝ፣ ጤነኛ ሞተር ላለው መኪና ረጅሙ ይበቃዋል። ብዙ የማይነዳ ሰው ደግሞ ኪሎ ሜትሩ እስኪሞላ ሳይጠብቅ ቢያንስ በዓመት አንዴ ይቀይር።