ቪፒኤስ ተከራይቼ 20 ወራት፦ ያገኘሁትና የከፈልኩበት

የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች የሚለማመዱባቸውን የፊዚክስ ጥያቄዎች የምጭንበት ድረ-ገጽ አለኝ። እስከ ታኅሣሥ 2016 ድረስ በጋራ ሆስቲንግ፣ ማለትም ብዙ ድረ-ገጾች አንድ ሰርቨር (ድረ-ገጽን ለጎብኚ የሚያቀርብ ኮምፒውተር) በሚጋሩበት ኪራይ ላይ ነበር የቆየው። ተማሪዎቹ ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ሲበዙ ገጹ ይንቀራፈፋል፤ አቤት ስል «የተፈቀደልዎትን መጠን አልፈዋል» የሚል መልስ ይመጣል። መጠኑ ስንት እንደሆነ ግን አንድም ቀን የነገረኝ የለም። በጥር 2016 ፍራንክፈርት ውስጥ የሚገኝ ቪፒኤስ፣ ማለትም ከትልቅ ማሽን ተከፍሎ ለብቻ የሚያዝ ሰርቨር፣ ተከራየሁ፤ አንድ ፕሮሰሰር፣ 1 ጊጋባይት ራም፣ 25 ጊጋባይት ዲስክ፣ በወር 6 ዶላር። ይህን የምጽፈው በመስከረም 2018 ነው።

ለማያውቀው ሰው እንዲህ ልበል። የጋራ ሆስቲንግ ግቢ ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይቶ እንደ መኖር ነው፤ ቧንቧውም ቆጣሪውም የሁሉም ነው። ቪፒኤስ ደግሞ ኮንዶሚኒየም ነው። ሃይፐርቫይዘር የሚባለው ፕሮግራም አንዱን ትልቅ ማሽን ይከፋፍልና ለእያንዳንዱ ተከራይ የራሱን ስርዓተ ክወና፣ የራሱን ራም፣ የራሱን አይፒ አድራሻ ይሰጠዋል። ቆጣሪውም ቁልፉም የራስ ነው፤ ግድግዳው ግን ከጎረቤት ጋር ይዋሰናል። «ቶፕ» የሚለውን ትእዛዝ ስከፍት፣ ፕሮሰሰሩ ለሌሎች ተከራዮች ሲሠራ እኔ የጠበቅሁትን ጊዜ የሚያሳይ ቁጥር አለ። ዘወትር ዜሮ ነው፤ ሁለት ጊዜ ግን 15 በመቶ ደርሶ አይቻለሁ።

ቁልፉ የራስ ከሆነ ዘበኛውም ራስ ነው። ሰርቨሩን በከፈትኩ ማግስት ጠዋት የመግቢያ መዝገቡን ሳይ፣ አድራሻውን ለማንም ሳልናገር፣ ከ3,000 በላይ ያልተሳኩ የይለፍ ቃል ሙከራዎች ተደርድረዋል። በዚያው ቀን በይለፍ ቃል መግባትን ዘግቼ በቁልፍ ፋይል ብቻ እንዲሆን አደረግሁ፤ ደጋግሞ የሚሞክረውን አድራሻ የሚያግደውን «ፌይልቱባን» ጫንሁ። ይህን ሥራ ማንም አይሠራልህም። የተከራየሁበት ድርጅት ማሽኑ እንዲበራ ያደርጋል፤ ከዚያ በላይ ያለው ሁሉ የእኔ ነው።

በጣም የተማርኩት በሰኔ 2016 ነው። ተፈታኞች ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ከመሄዳቸው በፊት ያለው ሳምንት የዓመቱ ትልቁ ግርግር ነው። ከሌሊቱ 5 ሰዓት ላይ አንድ ተማሪ «መምህር፣ ገጹ አይከፈትም» ብሎ ጻፈልኝ። ስገባ ጥያቄዎቹ የሚቀመጡበት ዳታቤዝ ቆሟል። የሲስተሙ መዝገብ ምክንያቱን በአንድ መስመር ጽፎታል፦ ራሙ ሲያልቅ ከርነሉ (የስርዓተ ክወናው እምብርት) ብዙ ይዞ ያገኘውን ፕሮግራም፣ ማለትም ዳታቤዙን፣ ገድሎታል። መልሼ አስነሳሁት፤ ከ20 ደቂቃ በኋላ እንደገና ወደቀ። በዚያ ሌሊት 2 ጊጋባይት የስዋፕ ፋይል (ራም ሲያልቅ በምትኩ የሚያገለግል የዲስክ ቦታ) ፈጥሬ አደርሁ፤ በማግስቱ ራሙን ወደ 4 ጊጋባይት አሳደግሁ። ማሳደጉ ሰርቨሩን አጥፍቶ ማስነሳት ብቻ ነው የጠየቀው። አንድ ጥንቃቄ አለ፦ ዲስኩን አብሮ ያሳደገ ሰው ወደ ታች መመለስ አይችልም። እኔ ፕሮሰሰሩንና ራሙን ብቻ ስለነካሁ ፈተናው ሲያልፍ 2 ጊጋባይት ወዳለው አወረድሁት። በ2017ቱ ፈተናም እንዲሁ አደረግሁ፤ ጥያቄው ያለመቆራረጥ ተከፍቷል።

ከሁሉም ያስደሰተኝ ሌላ ነገር ነው። ኮምፒውተር ፊደላትን በቁጥር በሚመዘግብበት ዩቲኤፍ-8 በሚባለው ስልት አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል፤ አንድ የላቲን ፊደል ግን 1 ባይት ብቻ። ማብራሪያዎቼ በሙሉ በአማርኛ ስለሆኑ ተማሪው በጥቅል የገዛው ዳታ በከንቱ ያልቅ ነበር። ሰርቨሬ በሚሠራበት ስርዓተ ክወና፣ በኡቡንቱ ላይ፣ ገጾቹን ለጎብኚ የሚያቀርበው ኤንጂንኤክስ ሲጫን ገጹን መጠኑ እንዲያንስ ቢጨምቅም ጥያቄዎቹ የሚላኩባቸውን የጄሶን ፋይሎች ግን ሳይጨምቅ ያልፋቸዋል። እነሱንም እንዲጨምቅ የሚያዝ አንድ መስመር ከጨመርሁ በኋላ 412 ኪሎባይት የነበረው የኤሌክትሪክ ምዕራፍ ወደ 70 ገደማ ወረደ። በጋራ ሆስቲንግ ዘመኔ ይህን ቅንብር ለመንካት ፈቃድ አልነበረኝም።

ከሐዋሳ ሆኖ ማስተዳደር የራሱ ጠባይ አለው። ማሻሻያ በመጫን ላይ ሳለሁ መብራት ሄዶ መስመሩ ተቋረጠ፤ ጭነቱም ግማሽ ላይ ቀረ፤ የፕሮግራም ጥቅሎቹን አንድ በአንድ ለማስተካከል ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። ከዚያ ወዲህ «ቲመክስ» ውስጥ ሳልገባ ምንም አልጀምርም። መስመሩ ቢቋረጥም ሥራው ሰርቨሩ ላይ ይቀጥላል፤ መብራት ሲመጣ ካቆምሁበት እገባለሁ።

ክፍያው በዶላር ነው፤ ሜሪላንድ ያለችው እህቴ በካርዷ ትከፍልልኛለች፤ እኔ እዚህ ለእናታችን በብር እሰጣለሁ። ስጀምር 6 ዶላር 340 ብር ገደማ ነበር። በሐምሌ 2016 የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ያው 6 ዶላር ከ800 ብር አልፏል፤ የአሁኑ ባለ 2 ጊጋባይት ደግሞ በወር 12 ዶላር ነው። ለእኔ ከባድ ነው፤ ግን አልተውኩትም።

ድርጅቱ በየሳምንቱ የሚያነሳውን ቅጂ ብቻ ይዤ አልተኛም፤ መለያዬ ቢዘጋ ቅጂውም አብሮ ይዘጋል። በየሌሊቱ ዳታቤዙ ወደ ቤቴ ኮምፒውተር ይወርዳል። ባለፈው ሚያዝያ ቅጂውን በሌላ ማሽን ላይ መልሼ ስሞክረው ጥያቄዎቹ ሁሉ መጡ፤ የሰርኪዩት ሥዕሎቹ ግን አንድም አልነበሩም። የሥዕሎቹን ማህደር ከቅጂው ውስጥ አላስገባሁም ነበር። ሳልሞክረው ቢሆን ኖሮ የሦስት ዓመት ሥዕል ይጠፋ ነበር።

ሁለት ሦስት ገጽ ያለው የሱቅ ወይም የማኅበር ድረ-ገጽ ለሚከፍት ሰው ቪፒኤስ አልመክርም፤ የጋራው ይበቃዋል። በየሳምንቱ ቢያንስ አንድ ሰዓት ለማሽኑ መስጠት የሚችል፣ ትእዛዝ የሚጻፍበትን ጥቁር መስኮት የማይፈራ፣ ጎብኚው በወቅት የሚበዛበት ሰው ግን ይውሰደው። እኔ የምጠቀምበት ኡቡንቱ 22.04 መደበኛ ድጋፉ በሚያዝያ 2019 ያበቃል፤ ያ ደግሞ የፈተና ዋዜማ ነው። ስለዚህ የዘንድሮው ፈተና ሲያልፍ፣ በነሐሴ 2018፣ አዲስ ሰርቨር ከጎኑ ተክዬ ቀስ ብዬ አዛውረዋለሁ፤ ሥዕሎቹን በቅድሚያ።