ካንዴላ፦ በእጅ ግምት ወይስ በቶርክ ቁልፍ?

ደብረ ብርሃን ላይ የባጃጅ ካንዴላ፣ ማለትም ሞተሩ ውስጥ ነዳጁን በብልጭታ የሚያቀጣጥለው ዕቃ፣ የሚታሰረው በእጅ ግምት ነው። መካኒኩ መጀመሪያ በጣቱ ያዞረዋል። ሲቆምለት በቁልፍ ትንሽ ያጠብቀዋል፣ አለቀ። እውነት ለመናገር የለመደ እጅ ብዙም አይስትም። ችግሩ ብርድ ያደነዘዘው እጅ ነው፤ ከተማው ከባህር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ነው፣ የጠዋቱን ቁር የቀመሰ ያውቀዋል። እኔ ራሴ አንዴ ካንዴላውን አጣምሜ ጀመርኩት። እንቢ ሲለኝ በጉልበት ገፋሁት። የአሉሚኒየሙ ጥርስ ተላጠ፣ ካንዴላው የሚታሰርበት የሞተሩ ራስ፣ ቴስታታው፣ መውረድ ግድ ሆነ።

የትንሽ አውሮፕላን ሞተር ላይ ግን ግምት ቦታ የለውም፤ የሚታሰረው የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ ቁልፍ፣ በቶርክ ቁልፍ ነው። ላይካሚንግ የተባለው የአውሮፕላን ሞተር አምራች ለሚሠራቸው ብዙዎቹ ሞተሮች የማጥበቂያው ልክ ከ30 እስከ 35 ፉት ፓውንድ ነው፤ ከ41 እስከ 47 ኒውተን ሜትር ገደማ መሆኑ ነው። ከላላ ካንዴላው ሙቀቱን ለቴስታታው በደንብ አያስተላልፍም፣ ጋዝም ያሾልካል። ከመጠን በላይ ከጠበቀ ጥርሱ ይጎዳል።

ቶርክ ቁልፍ ብቻውን ደግሞ አይበቃም። ካንዴላው ሥር የምትገባው የመዳብ ቀለበት አዲስ ትሁን፤ አሮጌዋ አንዴ ተጨፍልቃ ደርቃለች፣ ልኩን ታዛባለች። እንዳይጣበቅ የሚቀባው ቅባት ጥርሱ ላይ ጠብ ይበል እንጂ ጫፉን አይንካ፣ ከነካ ብልጭታው ይጠፋል። መሬት የወደቀ ካንዴላ ይጣላል፤ ውስጡ ያለው ሴራሚክ ሳይታይ ተሰንጥቆ ሊሆን ይችላል። እኛ ጋ ግን ይጠረግና ይገጠማል!

እኔ አሁን ለባጃጅም ቶርክ ቁልፍ ነው የምይዘው። በጣት መጀመሩን ግን አልተውኩም፤ እሱን የአውሮፕላን መካኒኮቹም ያደርጉታል።