ዲኤችአይኤስ2፣ ኦፕን ኤሚስ፣ ኮቦ ወይስ የአገር ቤት ሶፍትዌር? ለትምህርት ቤት ስታቲስቲክስ የቱን እንምረጥ

የትምህርት መረጃ ሥርዓት ለመግዛት ያሰባችሁ ሁሉ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ሻጩ መሀል ከተማ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ባሳያችሁ ነገር ብቻ አትወስኑ። አዳራሽ ውስጥ የማይሠራ ሲስተም የለም። ዋይፋይ አለ፣ መብራት አለ፣ የናሙና ተማሪዎቹ የልደት ቀን ሁሉ ተሟልቷል፣ ስማቸውም አንድ ፊደል አልተዛነፈም። ወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሁኑ፣ ቢሮ ሁኑ፣ ሦስት አራት ቅርንጫፍ ያለው የግል ትምህርት ቤት ባለቤት ሁኑ፣ ሲስተሙን ይዛችሁ ወደ ከተማው ዳር ውጡ። ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ፣ ለገጣፎ፣ ቡራዩ፣ ሰበታ። እዚያ ካልሠራ አገር አቀፍ ሊባል አይችልም።

ለምን ዳር? ኪራይ በጨመረ ቁጥር ተከራይ ወደ ውጭ ይገፋል፣ ልጆቹም አብረው። መስከረም ላይ አያት የተመዘገበ ልጅ ጥር ላይ ለገጣፎ ሊገኝ ይችላል። ለቤተሰቡ የአንድ ታክሲ መንገድ ነው። ለመረጃው ግን ልጁ ከአዲስ አበባ ትምህርት ቢሮ ወደ ኦሮሚያ ትምህርት ቢሮ ተሻግሯል፣ ሌላ መዝገብ፣ ሌላ ተጠሪነት፣ ሌላ የሥራ ቋንቋ። ወላጆቹ ተቻኩለው መሸኛ ሳይወስዱ ከሄዱ የቀድሞው ትምህርት ቤት "አቋረጠ" ብሎ ይጽፋል፣ አዲሱ ደግሞ "አዲስ ገቢ" ይላል። ልጁ አንድ ቀን ከክፍል ሳይቀር በስታቲስቲክስ አቋራጭ ሆኖ ቁጭ።

ስለዚህ ስለ ብራንድ ከማውራታችን በፊት ጥያቄው ይሄ ነው፦ የምትፈልጉት ጭንቅላት መቁጠር ነው ወይስ እያንዳንዱን ልጅ መከተል? ለዓመታዊው የትምህርት ስታቲስቲክስ መጽሔት የትምህርት ቤት ድምር ይበቃል። በክፍል፣ በፆታና በዕድሜ የተመዘገበው ተማሪ፣ መምህሩ፣ ሴክሽኑ። ከዚያ ጥቅል ተሳትፎው (በየትኛውም ዕድሜ የተመዘገበው ሁሉ ለደረጃው ዕድሜ ለደረሰው ሕዝብ ሲካፈል)፣ ንጥር ተሳትፎው (ዕድሜው ለደረጃው የሚገጥመው ተማሪ ብቻ ሲካፈል)፣ የተማሪ መምህር ጥምርታው ይወጣል። እውነተኛ የማቋረጥ ቁጥር ከፈለጋችሁ ግን ልጁን በስሙና በመለያ ቁጥሩ መከተል የግድ ነው። ሻጭ "ሁለቱንም አለን" ይላችኋል። አለው፣ አልዋሸም። ማን እንደሚሞላው ግን አይነግራችሁም። ሁለት ሺህ ተማሪ ላለው ትምህርት ቤት የመጀመሪያው የጥቂት ገጽ ቅጽ ነው፣ ሁለተኛው ሁለት ሺህ መዝገብ ነው። በዚያ ላይ አንድ ኮምፒውተር፣ እሱም ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ተቆልፎበት።

ኤክሴልን በአጭሩ ልለፈው። አትናቁት። ወንድ፣ ሴት፣ ድምር ተብሎ የተሠራ ጥሩ ሠንጠረዥ፣ የማይነኩት ሴሎቹ ተቆልፈው፣ ለአንድ ጉድኝት (አብረው ለሚሠሩ ጎረቤታም ትምህርት ቤቶች) ከበቂ በላይ ነው። ችግሩ የሚጀምረው ፋይሉ በቴሌግራም መዞር ሲጀምር ነው። ሱፐርቫይዘሩ ጋ አንድ፣ ወረዳው ጋ ሌላ፣ "የመጨረሻ የተስተካከለ" የሚል ስም ያላቸው ሦስት ፋይሎች፣ ሦስቱም ድምራቸው የተለያየ። ከወረዳ በላይ ኤክሴልን ዋና ሥርዓት አድርጋችሁ አትያዙት፣ በቃ።

ኮቦ ቱልቦክስና ወንድሙ ኦዲኬ ደግሞ ለአንድ ጊዜ ቆጠራ የሚደርስባቸው የለም። ስልክ ይዞ ወጥቶ፣ ያለ ኔትወርክ ሞልቶ፣ ኔትወርክ ያለበት ሲደርስ መላክ። ስንት መጸዳጃ ቤት አለ፣ ውኃ ይመጣል ወይ፣ ስንት ዴስክ ተሰብሯል፣ የግቢው መገኛ የት ነው፣ ፎቶውስ። ለዚህ አይነት ሥራ ሌላ ነገር መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው። ነገር ግን የዘንድሮውን መረጃ ከአምናው ጋር አያይዞ፣ በየደረጃው ደምሮ፣ ለየአስተዳደር እርከኑ የየራሱን ፈቃድ ሰጥቶ ማሳየት የተሠራበት ዓላማ አይደለም። ኮቦን ይዘው አገር አቀፍ ሥርዓት ዘረጋን የሚሉ ሰዎች ከሁለት ዓመት በኋላ እጃቸው ላይ የሚቀረው የማይገናኙ ፋይሎች ክምር ነው።

ዋናው ፉክክር በዲኤችአይኤስ2 እና በኦፕን ኤሚስ መካከል ነው።

ዲኤችአይኤስ2፣ ከየተቋሙ የሚመጣ ሪፖርት ሰብስቦ በየደረጃው የሚደምር ሶፍትዌር፣ የተወለደው ለጤና ነው። ሥሩ በ1990ዎቹ (በፈረንጆች) ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ከተጀመረ ፕሮጀክት ይመዘዛል፣ አሁን የሚመራው ከኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ነው። ኮዱ ክፍት ነው፣ ለፈቃድ የሚከፈል የለም። ጋምቢያ፣ ኡጋንዳና ቶጎ ለትምህርት ሞክረውታል። ለእኛ ትልቁ ጥቅሙ ግን የእኛው ጤና ሚኒስቴር ለዓመታት ሲሠራበት መቆየቱ ነው። ይሄ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። ሪፖርቱ አልላክ ሲል፣ የይለፍ ቃል ሲጠፋ፣ ድምሩ አልገጥም ሲል፣ ከትምህርት ቤቱ አጥር ማዶ ያለው ጤና ጣቢያ ውስጥ ያንኑ ሲስተም በየወሩ የሚነካካ ባለሙያ አለ። ለሌሎቹ እንዲህ ያለ ሰው ፍለጋ ወደ መሀል ከተማ ወይም ወደ ውጭ አገር ኢሜይል ነው።

ድምር ላይ የተመሠረተ ሪፖርት ዋና ጥንካሬው ነው። የማረጋገጫ ደንብ ይቀበላል። "የሴት ተማሪ ቁጥር ከድምሩ ሊበልጥ አይችልም" ብላችሁ ከጻፋችሁለት መዝጋቢውን እዚያው ያስጠነቅቃል። ቅጹ ላይ ያሉትን ስያሜዎች በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ተርጉሞ ማስገባት ይቻላል፣ ይሄ ለከተማው ዳር ትርፍ ጌጥ ሳይሆን የሥራ ግዴታ ነው። በስልክ ያለ ኔትወርክ መሙላትም ይቻላል። "ሲስተም የለም" የሚለውን የቢሮ መልስ ቢያንስ ትምህርት ቤቱ ላይ ያስቀራል።

ድክመቱስ? አንደኛ፣ ሲወለድ ትምህርት ቤት አያውቅም። ክፍል፣ ሴክሽን፣ ሮስተር፣ ማለፍና መድገም የሚሉትን ነገሮች እናንተ ናችሁ የምታስተምሩት። ሲስተሙን ለትምህርት አስተካክሎ የሚያዋቅር ጥሩ ባለሙያ ከሌላችሁ የጤና ቅጽ የትምህርት ልብስ ለብሶ ይመጣል። ሁለተኛው የወሰን ነገር ነው። ነሐሴ 2014 አዲስ አበባና ኦሮሚያ በወሰን ተስማሙ፣ 2015 ላይ ደግሞ ሸገር ከተማ ተመሠረተ። እንዲህ ያለ ለውጥ ሲመጣ የትምህርት ቤቶች ተጠሪነት ይቀየራል። ዲኤችአይኤስ2 ላይ አንድን ትምህርት ቤት ከአንዱ ወረዳ አውጥታችሁ ሌላው ሥር ብታስገቡት የኋላ ታሪኩንም ይዞ ይሄዳል። የቀድሞው ወረዳ የአምና ድምር ዛሬ ስታዩት ይቀንሳል፣ የታተመው ሪፖርት ላይ ካለው ቁጥር ጋርም አይገጥምም። መፍትሔ አለው፣ ግን ከመዛወሩ በፊት የሚያስብበት ሰው ይፈልጋል።

ኦፕን ኤሚስ ተቃራኒው ነው። ሐሳቡ የዩኔስኮ ነው፣ ልማቱን የያዘው ኮሚዩኒቲ ሲስተምስ ፋውንዴሽን ነው፣ ለፈቃድ ገንዘብ አይጠየቅበትም። ከመጀመሪያው ለትምህርት ታስቦ ስለተሠራ ክፍል፣ መምህር፣ ስም ጥሪ፣ ውጤት፣ ዝውውር ሁሉ ቦታ ቦታቸውን ይዘው ይጠብቋችኋል። ዮርዳኖስ በአገር ደረጃ ይጠቀምበታል። ልጁን በመለያ ቁጥር ስለሚይዝ ያ ከአያት ለገጣፎ የሄደው ልጅ መዝገቡ ይከተለዋል። ግን ሁለቱም ቢሮዎች አንድ የመረጃ ቋት ላይ፣ ቢያንስ አንድ አይነት መለያ ቁጥር ላይ ከተስማሙ ነው። ይሄን ደግሞ ሶፍትዌር አይፈታውም። ስብሰባና ፊርማ ነው።

የሚከብደው አሞላሉ ነው። እያንዳንዱ ልጅ፣ በየዓመቱ፣ በየሴክሽኑ። የክፍል ኃላፊ መምህሩ ስም ጥሪውን ወረቀት ላይ ከሞላ በኋላ ኮምፒውተር ላይ ደግመህ ሙላ ከተባለ አይሞላም፣ ቢሞላም ኅዳር ላይ ያስገባውን ገልብጦ ሰኔ ላይ ያስገባዋል። ሥርዓቱን ስታስገቡ ወረቀቱን የምትቀንሱለት ከሆነ ይሠራል። ካልሆነ አይሆንም። ሌላው ደግሞ አገር ውስጥ ጠበብት ማግኘት ከዲኤችአይኤስ2 ይልቅ ይከብዳል፣ ስለዚህ ሥልጠናና ድጋፍ በውሉ ውስጥ በዓመት ተከፍሎ ይግባ።

የአገር ቤት ሶፍትዌሮች አራተኛው ምርጫ ናቸው። ለግል ትምህርት ቤት ብዙ ጊዜ የሚያዋጡት እነሱ ናቸው፣ አልደብቅም። ክፍያ በቴሌብር ይቀበላሉ፣ ለወላጅ መልእክት ይልካሉ፣ ካርድ ያትማሉ፣ ቀን አቆጣጠሩም የእኛው ነው። ስልክ ስትደውሉ የሚያነሳው ሰው አማርኛ ያወራል። ለስታቲስቲክስ ግን ተጠንቀቁ። የማውቀው አንድ ትምህርት ቤት ከአቅራቢው ጋር በክፍያ ሲጋጭ የገዛ ተማሪዎቹን ዝርዝር ማውጣት አቃተው። ፕሮግራሙ ውስጥ "አትም" የሚል ቁልፍ እንጂ ሙሉውን መረጃ በፋይል የሚሰጥ ነገር አልነበረም። ውሉን ስናየው ስለዚህ ጉዳይ አንድ መስመር የለውም። ከመፈረማችሁ በፊት ሻጩ ፊት ለፊት ተቀምጣችሁ "ሁሉንም ተማሪ አሁን ወደ ኤክሴል አውጣልኝ" በሉት። ከተንተባተበ ተነሱ።

አሁን ማንኛውንም ሲስተም የምትፈትኑበትን ነገር ልንገራችሁ፣ ከአንድ ቀን በላይ አይፈጅም።

ቀን አቆጣጠሩ ይቅደም። በ2018 የትምህርት ዘመን አንደኛ ክፍል የገባ የ7 ዓመት ልጅ የተወለደው 2011 ነው። መምህሩ 2011 ብሎ ይጽፋል፣ ሌላ ምን ሊጽፍ። ሲስተሙ ይህን እንደ ፈረንጅ 2011 ከቆጠረው ልጁ ባንዴ 14 ወይም 15 ዓመት ሞላው። በአዲሱ የ6-2-4 አወቃቀር አንደኛ ደረጃ ከ7 እስከ 12 ዓመት ስለሆነ ልጁ ከንጥር ተሳትፎው ስሌት ይወጣል። ጥቅል ተሳትፎ ዕድሜ ስለማይጠይቅ እሱ እንዳለ ይቆማል። ከዚያ ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ያየ የቢሮ ሰው "ዕድሜያቸው ያለፈ ተማሪዎች በዝተዋል" ብሎ ዕቅድ ያወጣል፣ የሌሉ ልጆች ላይ። ዲኤችአይኤስ2 የኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር ምርጫ አለው፣ ግን ድረ ገጹም ስልኩም ላይ ለየብቻ ሞክሩት፣ እኩል ይሠራል ብላችሁ አትመኑ። ጳጉሜ 3 የተወለደች ልጅም አስገቡ። 13ኛ ወር የለም የሚል ሲስተም ከሆነ መዝጋቢው መስከረም 1 አድርጓት ያልፋል።

ቀጥሎ ስም። "ፀሐይ" ብላችሁ መዝግቡና "ጸሃይ" ብላችሁ ፈልጉ። አላገኘሁም ካለ አንዲት ልጅ ሦስት አራት ጊዜ ልትመዘገብ ነው። የራስ፣ የአባትና የአያት ስም ለየብቻ መግባታቸውን እዩ። የቤተሰብ ስም ካልሞላህ አላሳልፍም የሚል ሲስተም ሲያጋጥም የአያት ስም እዚያ ይገባል፣ ሪፖርት ላይ ደግሞ ከፊት ይወጣል። ለፋይዳ ቁጥር ቦታ ይኑረው፣ ግን ግዴታ አይሁን፣ ገና ያልያዘ ልጅ ሞልቷል።

የሕዝብ ቁጥር ጉዳይ ደግሞ ማንም ሲስተም አይፈታውም። የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ 1999 ላይ ነው የተካሄደው። ያኔ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም አልነበረም። ስለዚህ እዚያ አካባቢ ጥቅል ተሳትፎው ከመቶ በላይ በብዙ ቢያልፍ ትምህርት ቤቱን ውሸታም አትበሉት፣ የተካፈለበት ቁጥር ነው ያረጀው። ከሲስተሙ የምትጠይቁት የሕዝብ ግምቱ ከየት እንደመጣና የየትኛው ዓመት እንደሆነ አብሮ እንዲያሳይ ነው።

የልጆች ስም የምትይዙ ከሆነ ሰርቨሩ የት እንዳለ በጽሑፍ ይነገራችሁ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፣ "ክላውድ ላይ ነው" የሚል መልስ ከዚህ በኋላ አይበቃም።

የእኔ ምርጫ? ለወረዳ፣ ለክፍለ ከተማና ለቢሮ ዲኤችአይኤስ2፣ መጀመሪያ በድምር ብቻ። የልጅ በልጅ ክትትሉን ከስምንተኛና ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል ጀምሩት፣ ለፈተና ምዝገባ ዝርዝራቸው የግድ ስለሚጠራ ድርብ ሥራ አይሆንም። ቢሮዎቹ በአንድ መለያ ቁጥር ከተስማሙና በየትምህርት ቤቱ መዝጋቢ የሚቀጠር ከሆነ ግን ሐሳቤን ቀይሬ ኦፕን ኤሚስ እላለሁ፣ ለትምህርት የተሠራ ነገር እያለ የጤናውን መስፋት አያስፈልግም። የግል ትምህርት ቤት ከሆናችሁ የአገር ቤቱን ግዙ፣ የመረጃ ማውጫው ጉዳይ ውሉ ላይ ይስፈር። ኮቦ ለግቢና ለሕንፃ ቆጠራ ይሁን።

ሙከራውን መስከረም ላይ አትጀምሩ። ምዝገባው ገና አልረጋም፣ መምህሩም ክፍል እያደላደለ ነው። ጥቅምት አጋማሽ ላይ አንድ ትምህርት ቤት ከአዲስ አበባ በኩል፣ አንድ ከሸገር በኩል ያዙና ከአንዱ ወደ ሌላው የተዛወሩ ልጆችን በስም አስገብታችሁ እዩት።