የቫሳ መርከብ ሞዴል ከወራት በኋላ፦ የክሩ ነገር

የክሩን ነገር ካልጻፍኩት አይወጣልኝም።

የቫሳን፣ የድሮውን የስዊድን የጦር መርከብ፣ የእንጨት ሞዴል ከገዛሁ ወራት አልፈዋል። ልኬቱ 1፡75 ነው። የመርከቡን አካል ጨርሼ ምሰሶዎቹንም አቁሜያለሁ። እንጨቱ ግሩም ነው። ውሃ ውስጥ ሲነከር እንደ ልብ ይታጠፋል፣ ሲደርቅም አይሰነጠቅም። በዚህ በኩል ምንም አልልም።

ክሩ ግን ያናድዳል። ለመርከቡ ገመዶች እንዲሆን በሳጥኑ ውስጥ የመጣው ልል የጥጥ ክር ነው። ገና ከጥቅሉ ሲፈታ ጸጉር አውጥቷል። በዚህ ልኬት 2 ሚሊሜትር የምታህል ጸጉር በትክክለኛው መርከብ ላይ 15 ሴንቲሜትር ማለት ናት። እንዲህ ያለ ጸጉር ያበቀለ ገመድ የትኛው መርከብ ላይ ታይቶ ያውቃል?

ውፍረቱም ሁለት ዓይነት ብቻ ነው፤ ግማሽ ሚሊሜትርና 1 ሚሊሜትር። በዚያ ዘመን ትልልቅ መርከቦች ላይ ዋናውን ምሰሶ ወደ ፊት ወጥሮ የሚይዘው ገመድ ክንድ ያክል ነበር። ሸራ የሚሰበስቡት ቀጫጭኖቹ ደግሞ ከጣት አይበልጡም። ይህ ልዩነት ከጠፋ ሞዴሉ ሕይወት የለውም። ጥቁሩ ክር ደግሞ ድፍን ጥቁር ነው። ገመዱን ከዝናብ ለመጠበቅ የሚቀባው የጥድ ቅጥራን ግን ወደ ቡናማ የሚያደላ ጠቆር ያለ መልክ ነው የሚሰጠው።

የባሰው በኋላ መጣ። የምኖረው ስቶክሆልም ነው። ብርዱ ገብቶ ማሞቂያው ሲበራ የቤቱ አየር ደረቀ። በወረንጦ እየያዝኩ፣ አንድ በአንድ ወጥሬ ያሰርኳቸው ገመዶች በሙሉ ረገቡ። እንዲህ ያለ የጥጥ ክር እርጥበት ሲያገኝ ይሰበሰባል፣ ሲደርቅ ይላላል። ይህን አምራቹ አያውቅም ብሎ ማን ያምናል?

«ሁሉም ነገር ሳጥኑ ውስጥ አለ፣ ሌላ የምትገዛው የለም» ነበር የሻጩ ቃል። አሁን ሄጄ ብነግረው ምን እንደሚለኝ አውቃለሁ። «መስታወት ውስጥ የሚቀመጥ ነገር ነው፤ ክሩን ማን አቅርቦ ያየዋል?» እኔ አየዋለሁ! ማታ ማታ ዓይኔን እያሻሸሁ የሠራሁት እኔ ነኝ።

ደግሞስ ለየትኛው መርከብ ነው እንዲህ ያለ ክር የሚሰጠው? ቫሳ ነሐሴ 1628 በአውሮፓ አቆጣጠር የመጀመሪያ ጉዞውን ጀምሮ 1,300 ሜትር ያህል እንደሄደ ሰጠመ። 333 ዓመት ባሕር ውስጥ ቆይቶ በ1961 ወጣ። የባልቲክ ባሕር ጨው አነስተኛ ስለሆነ እንጨት የሚበላው የባሕር ትል አይኖርበትም፤ እንጨቱን ያተረፈው አንዱ ይህ ነው። ከ10 ሸራዎቹ 6ቱ እንደተጣጠፉ ተገኙ። ሊበጣጠስ የደረሰ ጨርቅ በስንት ጥንቃቄ ተዘርግቶ ተረፈ። ለመርከቡ ጨርቅ ይህን ያህል ሰው ደክሞለታል። የሞዴሉ አምራች ደህና ክር መጨመር አቃተው። ያንን ዋጋ ተቀብሎ!

የንብ ሰም ሞክሬያለሁ። ጧፍ እንደሚያዘጋጅ ሰው ክሩን ሰም ላይ ጎተትኩት። ጸጉሩ ተኛ፤ መርገቡ ግን አልቀረም። በመጨረሻ ሁሉንም ቆርጬ አወጣሁና ቀጭን የፖሊስተር ክር ገዛሁ። ሦስት ሦስቱን እያጣመርኩ በትንሽ የእጅ መሣሪያ እየገመድኩ የራሴን ገመድ ሠራሁ። ከዚያ ወዲህ አንዱም አልረገበም። መልኩም የገመድ መልክ ሆነ፤ ፈትሉ ጭምር ይታያል። ከጠቅላላው ሥራ በጣም የወደድኩት ይህን ክፍል ነው፤ ምስጋናው ግን ለሻጩ አይደለም።

እንጨቱን ለብቻው የሚሸጥልኝ ባገኝ ነገም እገዛለሁ። በዚህ ዋጋ ከነክሩ ግን ለማንም አልመክርም። የገዛችሁ ካላችሁ፣ የጥጥ ክሩን ጥቅል አትፍቱት። ከ0.2 እስከ 1.7 ሚሊሜትር ባለው መካከል ቢያንስ አምስት ዓይነት ውፍረት ያለው የፖሊስተር ክር አዘጋጁ። ምሰሶ ለሚይዙት ገመዶች ጠቆር ያለ ቡናማ፣ ሸራ ለሚስቡት ፈዘዝ ያለ ይሁን። ይህን ምሰሶዎቹን ከማቆማችሁ በፊት አድርጉት።