«እንደ አምናው ይሁን» ብላችሁ ኢንሹራንስ አታድሱ

መኪና ያላችሁ የጎንደር ልጆች፣ እባካችሁ ይህን ጊዜ ሰጥታችሁ አንብቡልኝ። እኛ ባለማወቅ ብዙ ብር አጥተናል። እናንተ ላይ እንዳይደርስ ብዬ ነው የምጽፈው።

ነሐሴ 2017 ነው። ባለቤቴ ከባህር ዳር እየተመለሰ ነበር። ማክሰኝትን አልፎ አዘዞ ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው ዝናቡ ወረደ። ከብቶች ድንገት መንገድ ገቡ። እነሱን አድናለሁ ሲል ቪትዟ ከአስፋልት ወጥታ ቦይ ውስጥ ተገለበጠች። ፈጣሪ ይመስገን፣ እሱ ክንዱን ተሰፍቶ ወጣ። መኪናዋ ግን ጣሪያዋ ወርዶ መሪው ላይ ተኝቷል። የልጄን ጃኬት ከኋላ ወንበር ስር ጭቃ ውጦት አገኘሁት። ልጄ ያን ቀን አብሮት ለመሄድ አልቅሶ ነበር። እሱን ሳስብ ስለ መኪናዋ ማሰብም አልቻልኩም።

ሊጠይቀን የመጣው ሁሉ «አይዟችሁ፣ ሙሉ ኢንሹራንስ አላት አይደል?» ይለናል። እኔም «አዎ፣ ሙሉ ነው» እላለሁ።

ይህ «ሙሉ» የሚባለው ቃል ነው ያዘናጋን። ሙሉ ኢንሹራንስ ማለት የራሳችሁ መኪና ጉዳትም ይሸፈናል ማለት ነው። ሦስተኛ ወገን ብቻ ያለው ሰው ሌላው ላይ ላደረሰው ጉዳት እንጂ ለገዛ መኪናው ሳንቲም አያገኝም። ልዩነቱ ይሄ ነው። የመኪናችሁን ሙሉ ዋጋ ትቀበላላችሁ ማለት አይደለም። የምትቀበሉት ውሉ ላይ ከተጻፈው የዋስትና መጠን አይበልጥም።

የእኛ ውል ላይ የተጻፈው 750,000 ብር ነው። በ2013 መኪናዋን ስንገዛ የነበረው ዋጋ እሱ ነበር። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ከኢንሹራንሱ ቅርንጫፍ ይደወላል። «ውላችሁ ሊያልቅ ነው፣ እንዴት ይታደስ?» ይላሉ። እኔ ነኝ ስልኩን የማነሳው። ሥራ ላይ ስለምሆን «እንደ አምናው ይሁን» ብዬ አረቦኑን፣ ማለትም የኢንሹራንሱን ክፍያ፣ በሞባይል አስተላልፋለሁ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። አራት ጊዜ እንዲህ አደስኩ። አንድም ቀን «የመኪናዋ ዋጋ ስንት ደረሰ?» ብሎ የጠየቀኝ የለም። እኔም አልጠየቅኩም።

በመሃል የሆነውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ ዋጋ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ መቶን አለፈ። በዚያው ዓመት ቤንዚንና ናፍጣ የሚጠቀሙ አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ ተከልክሏል። ቀድሞ የገባ መኪና ሁሉ ዋጋው ተሰቀለ። አደጋው በደረሰ ሰሞን እንደኛዋ ያለች ቪትዝ ፒያሳ ላይ ደላሎችን ስጠይቅ 1,700,000 አሉኝ። የእኛ ወረቀት ግን 2013 ላይ ቆሟል።

አጎቴ ጠበቃ ናቸው። ሁሉም ካለቀ በኋላ ነው የጠየቅኳቸው፣ እሱ ይቆጨኛል። የንግድ ሕጉን አንቀጽ 678 አውጥተው አሳዩኝ። የንብረት ኢንሹራንስ የካሣ ውል ነው ይላል። ካሣው አደጋው በደረሰበት ቀን ንብረቱ ከነበረው ዋጋ መብለጥ አይችልም። ስለዚህ ከገበያ ዋጋ በላይ አስገምቶ ትርፍ አረቦን መክፈልም ዋጋ የለውም፣ ትርፉን አታገኙትም። ከገበያ በታች ማስገባት ግን የባሰ ነው። መኪናዋ ሙሉ በሙሉ ስትወድም ብቻ አይደለም የሚጎዳችሁ። 1,600,000 የምታወጣ መኪና በ800,000 አስገብታችኋል እንበል። ግማሹን ዋስትና የሰጣችሁት እናንተው ናችሁ ተብሎ ይቆጠራል። የ200,000 ብር ጥገና ቢመጣ 100,000ው ከኪሳችሁ ሊሆን ይችላል። መከላከያና መብራት የተሰበረበት ሰው ለምን ግማሽ ብቻ እንደተከፈለው ሳይገባው የሚቀረው በዚህ ነው።

እስከዚህ ያለው የራሳችን ቸልተኝነት ነው እንበል። ቀጥሎ ያለው ግን በደንብ ይነበብ።

ተሽከርካሪዋ ተጎትታ አዘዞ አንድ ጋራዥ ግቢ ገባች። እኛ ሆስፒታል ስንመላለስ ሄደን ያየናት በአራተኛው ቀን ነው። ባትሪው የለም። ትርፍ ጎማው የለም። ቴፑ ተነቅሎ ሽቦው ተንጠልጥሏል። ዘበኛው «እንዲህ ሆና ነው የገባችው» አለን። እውነት ይሁን ውሸት ማስረጃ የለንም። ስለዚህ መኪናችሁ ከተጎተተች በዚያው ቀን አንድ ዘመድ ይሂድ። በአራቱም አቅጣጫ ፎቶ ያንሳ። ውስጥ ያለውን ዕቃ ዘርዝሮ ከጋራዡ ጋር ይፈራረም። የጎደለው ዕቃ በኋላ ሂሳቡ ውስጥ ይገባልና ትንሽ ነገር አይምሰላችሁ።

የኢንሹራንሱ ገምጋሚ መጥቶ አየ። የጥገናው ፕሮፎርማ ሲሰበሰብ ጥገናው አያዋጣም ተባለ፤ ሙሉ በሙሉ እንደወደመች ተቆጠረች። እዚህ ላይ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ስብርባሪዋን ለኢንሹራንሱ አስረክቦ የዋስትናውን መጠን መቀበል ነው። ሁለተኛው ስብርባሪዋን፣ እነሱ ሳልቬጅ የሚሉትን፣ ለራስ አስቀርቶ ግምቷን ከክፍያው ማስቀነስ ነው።

በዚያ ጋራዥ አንድ ሰው አይጠፋም ነበር። የተጋጨ መኪና የሚገዛ ነጋዴ ነው። ሻይ ጋበዘን። ባለቤቴን «ወንድሜ»፣ እኔን «እህቴ» እያለ በጣም ተቆረቆረልን። «ለኢንሹራንሱ ካስረከባችሁ ወራት ትጠብቃላችሁ። ሳልቬጁን እናንተ ውሰዱ፣ ቶሎ ያልቃል። በስንት ይገምቱታል? በ320? እኔ በ320 እወስደዋለሁ፣ በጥሬው» አለን። የኢንሹራንሱ ቢሮ ሰውም «እንደዛ ከሆነ በሳምንት እንጨርሳለን» አለ። ደክሞን ነበር። እሺ አልን።

ሂሳቡን ላሳያችሁ። 750,000 ነው። 10,000 ኤክሰስ ተቀነሰ፤ ይህ በየአደጋው ባለንብረቱ የሚሸከመው ነው። 320,000 የሳልቬጅ ግምት ተቀነሰ። በእጃችን የገባው 420,000 ነው። በማግስቱ ነጋዴው መጣና ሞተሩን ከፍቶ አየ። ራሱን ነቀነቀ። «ብሎኩ ተሰንጥቋል፣ ከ180 አላልፍም» አለ። ሌላ ገዢ ፈለግን፣ ሁሉም ከዚያው አካባቢ የሚተዋወቁ ናቸው፣ ሁሉም 170፣ 180 ይላሉ። የጋራዡ ማቆሚያ ክፍያ ደግሞ በቀን ይቆጥራል። በ180,000 ሰጠነው። በድምሩ 600,000 ማለት ነው። አስረክበን ቢሆን 740,000 ነበር። 140,000 ብር ከአንድ ስኒ ሻይ ጋር ሄደ።

ወደ ቢሮው ተመልሰን ግምቱ ልክ አልነበረም ስንል የፈረምነውን ወረቀት አወጡልን። «ሙሉና የመጨረሻ ክፍያ ተቀብያለሁ፣ ከዚህ በኋላ ምንም ዓይነት ጥያቄ የለኝም» ይላል። ፊርማዬን አየሁት። አጎቴም አይተው ዝም አሉ። ከዚያ «ልጄ፣ ይህን ከመፈረምሽ በፊት ነበር መምጣት» አሉኝ።

ስለዚህ ሳልቬጅ አስቀሩ የሚላችሁ ካለ፣ ገዢው በጽሑፍ ይዋዋል፣ ቀብድ ይክፈል፣ ሞተሩንም ቀድሞ ይይ። ያ ካልሆነ አስረክቡ። ወራት ቢፈጅም አስረክቡ። ከሸጣችሁም ውሉ በውልና ማስረጃ ይሁን፣ ስሙም ይዛወር። እኛ ሊብሬውን ሰጥተን ስሙ በእኛ ሆኖ ሁለት ወር ሰውየውን ስናሳድድ ከረምን። በስማችሁ ያለ ሊብሬና የሻንሲ ቁጥር በማታውቁት ሰው እጅ መቆየት የለበትም።

ግምቱ ካልተስማማችሁ አትፈርሙ። ተቃውሟችሁን በጽሑፍ አስገቡ፣ በእጃችሁ የሚቀረው ኮፒ ላይ ማኅተም አስመቱ። ከኢንሹራንስ ውል የሚነሳ ጥያቄ በሁለት ዓመት ነው በይርጋ፣ ማለትም ጊዜው አልፏል ተብሎ፣ የሚታገደው፣ ስለዚህ ቢሮው «ዛሬ ካልፈረማችሁ» ብሎ ሲያጣድፋችሁ አትደንግጡ። ኢንሹራንሶችን የሚቆጣጠረው ብሔራዊ ባንክ ነው፣ አቤቱታ እዚያ ይሄዳል። የማይጠብቃችሁ አደጋውን ማሳወቅ ነው። ሕጉ አምስት ቀን ነው የሚሰጠው። ከሆስፒታል አልጋ ላይም ሆናችሁ አስደውሉ፣ ከዚያ በጽሑፍ አስከትሉ። የትራፊክ ፖሊስ ሪፖርቱን ኮፒም ለራሳችሁ ያዙ።

አንድ የኛ አገር ነገር አለ። ጎረቤታችንን አይሱዙ ገጨው። ጥፋቱ የአይሱዙው ነው። በሦስተኛው ቀን የባለ አይሱዙው ሽማግሌዎች መጡ፣ ትልልቅ ሰዎች፣ ነጠላቸውን አጣፍተው። እሱም አክብሯቸው «ይቅር ብያለሁ፣ አልጠይቅም» ብሎ ፈረመላቸው። ኢንሹራንሱ ግን ለእሱ ከከፈለ በኋላ አጥፊውን የመጠየቅ መብት ነበረው። ያንን መብት በፊርማው ስላጠፋባቸው ክፍያው ላይ ትልቅ ጭቅጭቅ ተነሳ። ይቅርታው ይቅር አልልም። ሽማግሌ ይከበራል። ወረቀት ግን ኢንሹራንሱ ሳያውቅ አይፈረምም።

ሌሎችም አሉ፣ ቶሎ ቶሎ ልበላቸው። በቤት መኪና ታርጋ ሰው በክፍያ የምትጭኑ፣ አደጋ ሲደርስ «ውሉ ለዚህ አይደለም» ልትባሉ ትችላላችሁ። መንጃ ፈቃዱ ያላለቀና ለመኪናው የሚመጥን ይሁን። በብድር የተገዛ ከሆነ ክፍያው መጀመሪያ ወደ ባንኩ ነው የሚሄደው። ጦርነትና ሁከት ያደረሰው ጉዳት ደግሞ በተለመደው ውል አይሸፈንም፣ ተጨማሪ ተከፍሎበት ካልገባ በቀር። በኛ አካባቢ ይህን ሳይጠይቁ መፈረም አይገባም።

አሁን ተነሱና ውላችሁን ከመሳቢያ አውጡ። የዋስትና መጠን የሚለውን ቁጥር እዩ። ከዚያ እንደ እናንተ ዓይነት መኪና የሚሸጡ ሁለት ሦስት ሰዎች ጋ ደውሉ። ቁጥሩ ከራቀ እስኪታደስ አትጠብቁ። በውሉ መሃልም ልዩነቱን ከፍሎ ማሳደግ ይቻላል፣ በጽሑፍ ጠይቁ፣ ማሻሻያውንም በእጃችሁ ተቀበሉ። ያ የፈረምነው ወረቀት ምን እንደሚመስል ማየት ለሚፈልግ ስማችንን ሸፍኜ አሳያለሁ። አሁን ክሌም ላይ፣ ማለትም ኢንሹራንሱን ካሣ በመጠየቅ ላይ፣ ያላችሁ ካላችሁ፣ ከመፈረማችሁ በፊት ጻፉልኝ።