ትንሿን ኮምፒውተሬን ዝም ላሰኘልኝ ባለሙያ

ይህን ምስጋና ልጻፍ ልጻፍ እያልኩ ሦስት ሳምንት አለፈኝ። ትናንት ሌሊቱን ሙሉ ስሠራ አደርኩ፣ እናቴም ሌሊቱን ሙሉ ተኝታ አደረች። ጠዋት ሲነጋ ከዚህ በላይ ዝም ማለት ውለታ መብላት ሆኖ ተሰማኝ።

ለማታውቁኝ፣ የትርጉም ሥራ ነው የምሠራው፤ ቤቴ ውስጥ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሌሊት። ቀኑን እማዬን አስታምማለሁ። ቀዶ ሕክምና ካደረገች ወዲህ ለብቻዋ ማስተኛት ስለምፈራ የእሷ አልጋና የእኔ ጠረጴዛ አንድ ክፍል ውስጥ ናቸው። ትንሽ ዴስክቶፕ የመረጥኩትም በዚሁ ምክንያት ነበር። ወፍራም መጽሐፍ ብታህል ነው፣ ቦታ አትፈጅም፣ ስገዛት ደግሞ መብራቷን ካላየሁ መሥራቷን እንኳ አላውቅም ነበር።

ችግሩ የመጣው ቀስ በቀስ ነው። መጀመሪያ ከባድ ፋይል ስከፍት ብቻ ማቀዝቀዣ ፋኗ እየተነሳ ትጮህ ነበር። ቀጥሎ ኢንተርኔት ስከፍትም ጀመረች። በኋላ በኋላ ምንም ሳልነካት ድንገት ትነሳለች፣ ታፏጫለች፣ ዝም ትላለች፣ ደግሞ ትነሳለች። ክዳኗ ለእጅ የሚያቃጥል ሆነ። ሥራውም ዘገየ፤ አንድ ቃል ጽፌ ስክሪኑ ላይ እስኪወጣ የምጠብቅበት ጊዜ ነበር። እማዬ ደግሞ እንቅልፏ ስስ ነው። ፋኑ በተነሳ ቁጥር ዓይኗን ትገልጣለች። አንድም ቀን አልተቆጣችኝም። «ሥሪ ልጄ፣ ድሮም ነቅቼ ነበር» ትለኛለች። ነቅታ እንዳልነበር አውቃለሁ። ሐኪሞቹ እንቅልፍ እንዳይጎድልባት አደራ ብለውኛል፣ እንቅልፏን የምነሳት ግን እኔው በእንጀራዬ መሣሪያ ነበርኩ። ይህን እያወቁ መሥራት እንዴት እንደሚከብድ የደረሰበት ያውቀዋል።

ስለ ሄድኩባቸው ጥገና ቤቶች ስም ጠርቼ አላወራም። የሆነውን ግን ልናገር፣ ምክንያቱም ሌላ ሰው ላይ እንዲደርስ አልፈልግም።

የመጀመሪያው ኮምፒውተሯን አብርቶ ሁለት ደቂቃ አየና «ዘግይታለች፣ ቫይረስ ነው» አለኝ። ሙቀቷንም ድምፁንም ነግሬው ነበር፤ አልሰማኝም። በማግስቱ ስሄድ ፎርማት አድርጎ፣ ማለትም ውስጧ ያለውን ሁሉ አጥፍቶ፣ ሰጠኝ። «ፋይሎችሽን ይዘሻል ወይ?» የምትል አንዲት ጥያቄ እንኳ አልጠየቀኝም። ለወራት ያጠራቀምኩት የሙያ ቃላት ስብስብ በዚያው ጠፋ። ስነግረው «መያዝ ነበረብሽ» አለና ወደ ሌላ ደንበኛ ዞረ። ኮምፒውተሯ በዚያው ሌሊት እንደ ወትሮዋ ጮኸች።

ሁለተኛው ቤት ዘጠኝ ቀን አቆዩብኝ። «ሙቀት ከሆነ ፋን ይጨመርላታል» ብለው ከኋላዋ በኩል አንዲት ትንሽ ፋን አሰሩላት። አሁን ድምፁ ሁለት ሆነ፤ አሮጌው ያጓራል፣ አዲሱ እንደ ትንኝ ይጮሃል። ቅር ብሎኝ ስመለስ «ማቀዝቀዝ ከፈለግሽ ድምፁን ቻይው፣ ሁለቱ አብረው አይገኙም» አሉኝ። ይህችን ንግግር ለብዙ ጊዜ አምኛት ነበር። ሦስተኛው ደግሞ ክዳኗን ፈትቼ ክፍት አድርጌ እንድጠቀም መከረኝ። ሞከርኩት፤ ድምፁ ያለ መጋረጃ ወጣ፣ አቧራውም ተጨመረበት። ስመለስ «አርጅታለች፣ ጣያትና አዲስ ግዢ» አለኝ። ገንዘቡ ቢኖረኝ እሱን አልጠይቀውም ነበር።

ይህን የማመሰግነውን ባለሙያ የጠቆመችኝ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ናት። ስደውልለት ተስፋ ቆርጬ ነበር፤ ድምፄም ሳያስታውቅ አልቀረም። እሱ ግን ስለ ኮምፒውተሯ ዕድሜም ሆነ ዓይነት አልጠየቀኝም። መጀመሪያ የጠየቀኝ «የት ነው የምትቀመጠው?» ብሎ ነው። ጠረጴዛዬን ፎቶ አንስቼ እንድልክለት ነገረኝ። ቀጥሎም «ድምፁ አንድ ወጥ ነው ወይስ ከፍ ዝቅ ይላል? ማንን ነው የሚረብሸው?» አለኝ። ስለ እማዬ ነገርኩት። ትንሽ ዝም አለና «እንግዲያው እሳቸው በሚተኙበት ሰዓት ልምጣ፣ እህቴ» አለኝ።

መጣ። እማዬ ተኝታለች። ጫማውን በር ላይ አወለቀ፣ ቦርሳውን መሬት ላይ ሲያስቀምጥ እንኳ ድምፅ አላሰማም። መሣሪያ ያወጣል ብዬ ስጠብቅ እማዬ አልጋ ራስጌ ወለሉ ላይ ቁጭ አለ። በሹክሹክታ «እሳቸው ከሚሰሙበት ቦታ ነው መስማት ያለብኝ፤ አንቺ እንደ ወትሮሽ ሥሪ» አለኝ። አሥር ደቂቃ ያህል ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠ። እኔ እጽፋለሁ፣ ኮምፒውተሯ ትነሳለች ትወድቃለች፣ እሱ ያዳምጣል። በዚያ ሁሉ መንከራተት ውስጥ ቁጭ ብሎ ያዳመጠ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። ጀርባዬን ሰጥቼው ስለነበር እንባዬን አላየም።

ከዚያ የሶፍት ቁራጭ ቀጭን አድርጎ ቀደደና በአየር መግቢያና መውጫዎቿ ፊት ለፊት ያዘው። ከፊት በኩል ወረቀቱ ወደ ውስጥ ሳብ አለ። ከኋላ ግን፣ ሙቀቱ መውጣት ባለበት ቦታ፣ ግማሹ ላይ ወደ ውጭ ይገፋል፣ ያቺ የተጨመረችው ፋን ጋ ሲደርስ ወደ ውስጥ ይሳባል። ጠራኝና አሳየኝ። «ሁለቱ ፋኖች ተፋጠው ነው የሚነፍሱት» አለኝ። አንዱ ሙቀቱን ሊያወጣ ይገፋል፣ ሌላው መልሶ ይከተዋል። ዘጠኝ ቀን አቆይተው የሠሩልኝ ሥራ በአንዲት የሶፍት ቁራጭ ተገለጠ። እሱ ግን በእነሱ ላይ አንድ ክፉ ቃል አልተናገረም፤ ፋኗን ፈትቶ አወጣና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠልኝ።

ሁለተኛው ጥፋት የእኔ ነበር። ቦታ ለመቆጠብ ኮምፒውተሯን በመጻሕፍት መደርደሪያና በግድግዳ መሃል ሸጉጫት ነበር። ከኋላዋ የሚወጣው ትኩስ አየር ግድግዳውን መትቶ ይመለሳል፣ እሷም ያንኑ መልሳ ትስበዋለች። ይህን ለማንም ጥገና ቤት ወስጄ ብቆይ ማንም አያየውም ነበር፣ ምክንያቱም ችግሩ ያለው ቤቴ ነው። ወደ ጠረጴዛው ጠርዝ አወጣት፣ ከግድግዳው ከአንድ ስንዝር በላይ አራቃት፣ ከሥሯም አራት የጎማ ማረፊያ ለጠፈላት። ጠረጴዛው ራሱ እንደ ከበሮ ንዝረቱን ያጎላው ነበር፤ ጎማው ሲገባ ያ የሚያጉረመርም ድምፅ ወዲያው ቀነሰ።

ክዳኗን ሲከፍት ውስጧ አቧራው እንደ ጨርቅ ተነጥፏል። እዚያው ያጸዳዋል ብዬ ነበር። «አይሆንም፣ አቧራው ለእሳቸው አይበጅም፣ መንፊያውም ይቀሰቅሳቸዋል» ብሎ ይዟት ሄደ። ከመውሰዱ በፊት ግን ፋይሎቼ ሌላ ቦታ መቀመጣቸውን በዓይኑ ካላየ አልነካም አለ። ፋይሏን ለተነጠቀች ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት።

በማግስቱ ይዟት መጣ። ውስጧ የሠራውን ሁሉ አልተረዳሁትም፣ ግን እንዲገባኝ ታግሶ አስረዳኝ። ስሌቱን ሁሉ በሚሠራው ዋና ክፍሏ፣ በፕሮሰሰሩ፣ እና በማቀዝቀዣው ብረት መሃል የሚቀባ ፔስት አለ፤ ከጊዜ ብዛት ይደርቃል፣ ሲደርቅ ሙቀቱ ወደ ብረቱ በደንብ አያልፍም። እሱን ጠርጎ አዲስ ቀባ። ዘግይታ የነበረውም በቫይረስ አይደለም፤ ፕሮሰሰር 100 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ሲደርስ እንዳይቃጠል ራሱ ፍጥነቱን ይቀንሳል። የእኔዋ ስጽፍ 97 ትደርስ እንደነበር መጀመሪያ ቀን ስክሪኑ ላይ አሳይቶኝ ነበር።

ድምፁን በተመለከተ የነገረኝን ደግሞ ሁላችሁም ብትሰሙት ደስ ይለኛል። ሰውን ከእንቅልፍ የሚቀሰቅሰው የድምፁ መጠን ብቻ አይደለም፣ መለዋወጡም ጭምር ነው አለኝ። ዝቅ ያለና አንድ ወጥ የሆነ ድምፅ ጆሮ ይለምደዋል፤ በየደቂቃው የሚነሳና የሚወድቀውን ግን አይለምደውም። የእኔዋ ፋን ሙቀቱ ለአንድ ሴኮንድ ከፍ ባለ ቁጥር እንድትሮጥ ነበር የተስተካከለችው። ባዮስ የሚባለው የኮምፒውተሯ መሠረታዊ ማስተካከያ ውስጥ ገብቶ ቀስ ብላ እንድትነሳ፣ ቀስ ብላም እንድትወርድ አደረጋት። ፕሮሰሰሩ ሊወስድ የሚችለውን ከፍተኛ የኃይል መጠንም ከ65 ዋት ወደ 45 ዝቅ አደረገው። ይህንን ከማድረጉ በፊት ፈቃዴን ጠይቋል፤ «ለጽሑፍ ሥራ ልዩነቱ አይታይሽም፣ ቪዲዮ የምታቀናብሪ ከሆነ ግን ትንሽ ይዘገይብሻል፣ ካልፈለግሽ ይቅር» ብሎ። እንዲህ ያለ ማስተካከያ በሁሉም ትንንሽ ኮምፒውተሮች ላይ እንደማይገኝም ነግሮኛል።

አሁን ሌሊት ሙሉ ስሠራ ከ70 ዲግሪ እምብዛም አታልፍም። ልብ በሉ፣ ከጎማ ማረፊያውና ከፔስቱ በቀር ምንም አልጨመረባትም። አንድ ፋን ቀንሶ፣ አጽድቶ፣ ቦታ ቀይሮ፣ አዳምጦ ነው ያበረዳት። ሁለቱ አብረው አይገኙም ያሉኝን ሰዎች አምኜ ያ ሁሉ ጊዜ ማለፉ እስካሁን ይቆጨኛል።

የመጀመሪያው ሌሊት እማዬ ነቅታ «ዛሬ ሥራ የለሽም እንዴ?» አለችኝ። እየሠራሁ ነበር። ስነግራት ዝም ብላ ጆሮዋን አዘነበለች፣ ከዚያ ወደ ግድግዳው ዞራ ተኛች። ጠዋት «ያ ልጅ ይባረክ» ብላ ጀመረች፤ ይኸው እስካሁን በየጠዋቱ ትመርቀዋለች። ሲመጣ «እማማ» ብሎ ጎንበስ ብሎ ሰላም ያላትን አልረሳችውም፤ እኔ ስለ ኮምፒውተሩ ሳወራ እሷ ስለ ትሕትናው ታወራለች።

የጠየቀኝ ክፍያ ከቀደሙት ለአንዱ ብቻ ከከፈልኩት ያነሰ ነበር። ጨምሬ ልስጥህ ብለው አልቀበልም አለ፤ «ሦስት ወር ጠብቂና ሙቀቷን አይተሽ ደውይልኝ» አለኝ። ስሙንና ስልኩን እዚህ ያላወጣሁት አደባባይ ላይ አትጻፊው ስላለኝ ነው፤ ብዙ ሰው በአንዴ ከመጣበት እንደዚህ ተረጋግቶ መሥራት እንደማይችል ነግሮኛል። ግን ለሚፈልግ ሰው በግል እንድሰጥ ፈቅዶልኛል።

እባካችሁ ኮምፒውተራችሁ የምትግልባችሁ፣ የምትጮህባችሁ፣ ከመጣላችሁ በፊት፣ ፎርማት ከማስደረጋችሁ በፊት፣ ሌላ ፋን ከማስጨመራችሁ በፊት ለዚህ ሰው አሳዩት። ሕፃን የሚያስተኛ፣ ታማሚ የሚያስታምም፣ ድምፅ የሚቀርጽ ሰው ካለ ደግሞ በተለይ። እጁ ንጹሕ ነው፣ አንደበቱ ንጹሕ ነው፣ ያልተበላሸ ነገር ተበላሸ አይልም። በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ስልኩን እልክላችኋለሁ። ከመደወላችሁ በፊት ግን ኮምፒውተራችሁ የምትቀመጥበትን ቦታ ከነግድግዳው ፎቶ አንሱት፤ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።