ዲጂፔን፦ የቪዲዮ ጌም ጥበብና ንድፍ ለመማር ላሰበ

በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት፣ ከሲያትል ሐይቁን ተሻግሮ በሬድመንድ ከተማ የሚገኘው ዲጂፔን የቴክኖሎጂ ተቋም በ1988 እ.ኤ.አ. በካናዳዋ ቫንኩቨር ተመሥርቶ የሬድመንዱን ግቢ በ1998 የከፈተ የግል ኮሌጅ ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያስመሰግነው የቡድን ፕሮጀክቱ ነው፤ ሠዓሊው፣ ንድፍ አውጪውና ፕሮግራመሩ በአንድነት ተሰልፈው ከመነሻ ሐሳብ ተነሥተው በተጫዋች እጅ እስከሚገባ ጌም ድረስ አብረው ይሠራሉ። የተቋሙ ተማሪዎች በ2005 ያወጡት «ናርባኩላር ድሮፕ» የተባለ ጌም የጌም አምራቹን የቫልቭ ኩባንያን ትኩረት ስቦ ቡድኑ በመቀጠሩ፣ ሐሳቡ በ2007 ለወጣው ዝነኛው የቫልቭ ጌም «ፖርታል» መሠረት ሆኗል። በ2011 በወጣው «ፖርታል 2» ውስጥ ያለው፣ ወለልና ግድግዳ ቀለም እየቀቡ የመጫወት ስልትም መነሻው «ታግ፦ ዘ ፓወር ኦቭ ፔይንት» የተባለ ሌላ የተማሪዎች ሥራ ነው። አንድን ትምህርት ቤት ከማስታወቂያው ይልቅ በተማሪዎቹ ሥራ መመዘን ይሻላልና፣ ይህ ለእኔ ትልቅ ማስረጃ ነው።

የሥነ ጥበብ ዘርፉ በእጅ ሥዕልና በሰው አካል አሳሳል ላይ አጥብቆ ስለሚያተኩር፣ ጌም መጫወት ስለወደደ ብቻ የሚመዘገብ፣ እርሳስ መያዝ ግን የሚሰለቸው ወጣት ይቸገራል። ትኩረቱ ጠባብ መሆኑም ሐሳቡን በመሃል ለሚቀይር ተማሪ አይመችም።

ክፍያው ከባድ ነው። ሆኖም በሲያትልና በአካባቢዋ ለሚኖሩ ሐበሻ ቤተሰቦች፣ ልጃቸው ከቤት እየተመላለሰ መማር ከቻለ፣ ቢያንስ የኪራይ ወጪ ይቀርላቸዋል። ከማመልከታችሁ በፊት ተቋሙ በነፃ የሚያቀርባቸውን የተማሪ ጌሞች አውርዳችሁ ተጫወቱ።